ማዕዘን የሌለው ቤት

በዚያ ቤት ውስጥ ሹል ነገር አይገኝም ነበር። ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የበሩ መቃን ሳይቀር ጠርዙ ተሞርዶ ተሞርዶ ድቡልቡል ሆኗል። አባትየው አናጢ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር ሞረዱን አነሳና የቤቱን ዕቃ ማዕዘን አንድ በአንድ በላው፤ ከዚያ ወዲያ እጁ ለመደና ለደንበኛ የሚሠራውንም ሁሉ ያድቦለብለው ጀመር። ደንበኞቹ «አዲስ ሞዴል ነው» እያሉ ይሻሙበታል። ምን ሞዴል አለ! ልጁ አንዴ መድማት ከጀመረ ደሙ እሺ ብሎ የማይረጋ ስለሆነ ነው እንጂ። እንቅፋት፣ የጥርስ መነቀል፣ የኳስ ምት፣ ለሌላው ልጅ የአፍታ ልቅሶ የሆነው ሁሉ ለእሱ የሆስፒታል አልጋ ነው። ቆዳው ሳይላጥ እንኳ ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ግራ ጉልበቱ እንዲህ ሲደማ ሲደማ ኖሮ እንደታጠፈ ቀርቷል።

የሰፈር ልጆች «ብርጭቆ» ብለው ስም አወጡለት። እሱም አልተቀየመም፤ አድጎ የስልክ ጥገና ሱቅ ሲከፍት ስሙን በራሱ እጅ ከበሩ በላይ በደማቅ ቀለም ጻፈው። ሰው ሲያስቅ የሚውል፣ ታሞ ተኝቶ እንኳ ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ ሆነ። አንዲት ልጅ ወዳው ነበር፤ የበሽታውን ነገር ስትሰማ ግን ስልኳን ለማሠራት እንኳ ሌላ ሰፈር ትሄድ ጀመር። ያን ጊዜም ቀለደ። ከቤቱ ሰው በዚያ ቀልድ የተታለለ አልነበረም።

በሽታው የመጣው በእናቱ በኩል ነው። ይህንን ዶክተሩ የተናገረው፣ እግዜር ይስጠውና፣ በባሏ እናትና በባሏ እህቶች ፊት ነው። «ከእናት ነው የሚወረሰው» አለ፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቷ ከእጇ ውሃ ሳይቀበሉ ሞቱ። እሷስ አታውቅም ነበር? ታውቅ ነበር እንጂ! ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ሲደማ አድሮ ሲደማ ውሎ ሞቶባታል። ለቀስተኛው «ምን ነካው?» ሲል እናቷ «የሳንባ ምች» አሉ፤ አሉና ከነጠላው ሥር ጭኗን ቆነጠጧት። እሷም ዘግየት ብላ፣ በእናቷ ድምፅ፣ «አዎ፣ የሳንባ ምች» አለች። ስታገባም ትንፍሽ አላለች።

ሥራዋ የሙሽራ ልብስ ማከራየት ነው። የከተማውን ሙሽሮች ሁሉ አልብሳለች፤ ወገባቸውን በመርፌ ስታጠብ፣ ከኋላቸው የሚወራውን ደግሞ በሁለት ጆሮዋ ሰምታለች። ስለዚህ የራሷ ሴት ልጅ ስትታጭላት፣ እኔ የጠጣሁትን ልጄ አትጠጣም ብላ ማለች። ልጅቷ እንደ እናቷ በሽታውን ለወንድ ልጅ የምታወርስ ተሸካሚ ትሁን አትሁን አይታወቅም። ምርመራው አለ፤ እናትየው ግን «አውቀሽ ምን ልትሆኚ?» እያለች እስከዛሬ አስቀርታታለች።

ጉዱ ደግሞ እጮኛው የባለፋርማሲ ልጅ መሆኑ ነው። ብርጭቆ ሲደማ የሚወጋውን ደም የሚያረጋ መድኃኒት በከተማው አልፎ አልፎ የሚያስመጡት የእሱ አባት ብቻ ናቸው። ሁለቱ የተዋወቁትም ልጅቷ ለወንድሟ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳ ነው። ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ «ለማን ነው?» ሲላት ደነገጠችና «ለጎረቤት ልጅ» አለች። ያቺ ውሸት እግር አውጥታ እስከ ሽምግልና ደረሰች። እጮኛዋ ደግ ነውና በተገናኙ ቁጥር «ያ የጎረቤታችሁ ልጅ እንዴት ሆነ?» ይላል፤ እሷም «ደህና ነው» ትላለች።

ወላጆቹ ለምሳ እንዲመጡ ቀን ሲቆረጥ ልጅቷ አልቻለችም።

«ልንገረው እማዬ።»

«ቀለበቱ ጣትሽ ላይ ይግባና ትነግሪዋለሽ።»

«ከዚያ በኋላ ቢተወኝስ?»

«ለዚህ እኮ ነው ቀለበቱ ይቅደም የምልሽ!»

ብርጭቆ ከተጋደመበት ሆኖ «በቃ እኔን እንደ ጎረቤት ቁጠሩኝ፤ ጠዋት ጠዋት እያንኳኳሁ እገባለሁ» አለ። እህቱ ሳቀች፤ ስትስቅም እንባዋ መጣ።

የምሳው ቀን እሁድ ነበር። እናትየው ከማለዳ ጀምሮ ቤቱን ገለበጠችው። የባሏን ድቡልቡል ጠረጴዛ ስታየው አስጠላት። «የመዋዕለ ሕፃናት ዕቃ ይመስላል» አለችና ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊዋ ባለ መስታወት ጠረጴዛ ተዋሰች፤ አራቱም ማዕዘኑ የተሳለ።

አናጢው ከሥራ ቤቱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ እዚህ ቤት አይገባም።»

«ለዛሬ ብቻ ነው።»

«ለዛሬም ቢሆን።»

«አንተ ልጅህን ልትድር ነው ወይስ ልታስቀር? ደግሞ እሱ ሕፃን ነው እንዴ? ዓይን የለውም?»

አናጢው ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ሰው አይደለም። እሱ ክርክሩን የለመደው በሞረድ ነው፤ መስታወት ደግሞ ለእንጨት ሞረድ እሺ አይልም። የራሱን ጠረጴዛ ተሸክሞ ወደ ሥራ ቤቱ አስገባ።

ቀጥላ ፍሪጁን ከፈተች። የመድኃኒቱ ካርቶን በሩ ላይ ተቀምጧል። የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ በላዩም የእጮኛው አባት ፋርማሲ ማኅተም ፊት ለፊት ተመትቶበታል። የእጮኛው እናት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሰው ቤት ገብተው ማድ ቤት ሳይፈትሹ እንደማይወጡ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ታዲያ የት ይደበቅ? ቁም ሣጥን እንዳይባል ይሞቃል። ሥራ ቤት እንዳይባል አቧራ ነው። ካርቶኑን በፌስታል ጠቀለለችና ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከሥጋው ሥር ሸጎጠችው። ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል፣ አለች። «በረዶ እንዳይነካው!» እያለች ልጆቿን ስታደነቁር የኖረችው ራሷ ናት እኮ። ያን ዕለት ግን ጆሮዋ የሚጠብቀው የእንግዶቹን መኪና ብቻ ነበር።

መጡ። የእጮኛውን አባትና እናት ብርጭቆ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ተቀበላቸው። ማንም ሳይጠይቃት እናትየው ወደ ጉልበቱ ጠቆመችና «ሞተር ሳይክል ገጭቶት ነው፣ ድሮ» አለች። ርዕሰ መምህርቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቤቱ ተወደደ፣ ምሳው ተወደደ፣ ልጅቷማ ቀድሞም የተወደደች ናት። ከሁሉም ይበልጥ የተወደደው ግን ብርጭቆ ነው። ባለፋርማሲው ዝምተኛ ናቸው ይባል ነበር፤ እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናትየው ሲስቁ ባየቻቸው ጊዜ፣ በቃ ተሳካልኝ አለች በሆዷ።

ሻይ ቀርቦ ሳለ የርዕሰ መምህርቷ ማንኪያ ጠረጴዛው ሥር ወደቀ። ብርጭቆ «ይተዉት፣ እኔ አለሁ» ብሎ ጎንበስ አለ። ማንኪያውን አንስቶ ቀና ሲል ጆሮ ግንዱ ከመስታወቱ ማዕዘን ጋር ተላተመ። ቋ! አለ።

«እኔን! እኔን!» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

ብርጭቆ እጁን ከጆሮ ግንዱ ሳያነሳ «ይልቅ መስታወቱን እዩልኝ፤ የተዋስነው ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናትየው ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር፤ እንግዶቹ ግን ቀልድ ነው የመሰላቸው። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣችም። አናጢው ብቻ አልሳቀም። ልጅቷም ብድግ ልትል ቃጥቷት እናቷ በዓይኗ መልሳ አስቀመጠቻት። ዶክተሩ ከብርጭቆ ልጅነት ጀምሮ ያስጠናቸው አንድ ሕግ አለ፤ ጭንቅላቱን ከተመታ መጀመሪያ መርፌ፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ። ደም ባይታይም። እሱ ራሱ ደህና ነኝ ቢልም።

ብርጭቆ ወደ እናቱ አየ። እሷም ዓይኗን ቀስ አድርጋ ጨፍና ከፈተች፤ ትንሽ ቆይ ማለቷ ነው። ቆየ።

ባለፋርማሲው ገና ሳቃቸው አልበረደም። «ለመሆኑ ያ የጎረቤታችሁ ልጅ፣ ያ ደሙ የማይረጋለት፣ እንዴት ነው? ቤታቸው እዚሁ ነው?» አሉ።

ማንኪያ ኩባያ ሲነካ ይሰማል።

«ደህና ነው» አለ ብርጭቆ። «አድጎልዎታል። ጺም ሁሉ አብቅሏል።»

«ጎሽ! እሱ ነገር ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ጎበዝ ካልሆነ አይሆንም።»

«ጎበዞች ናቸው። እናቱ በተለይ።»

ትንሽ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀና ወደ ማድ ቤት ገባ። እናትየው ስኳር ላምጣ ብላ ተከተለችው። ፍሪጁን ከፍቶ ባዶውን በር እያየ ነበር።

«የት አደረግሽው?»

ከሥጋው ሥር ፌስታሉን ጎትታ አወጣች። መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት ውሃ በረዶ ሆኖ ከመስታወት የተሠራውን መርፌ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። እናትየው በሁለት መዳፏ ይዛ እፍ፣ እፍ ትልበት ጀመር፤ ሞኝ፣ ትንፋሽ የተሰነጠቀ መስታወት የሚጠግን ይመስል።

«ሆስፒታል እንሂድ» አለ ልጇ። ቀልድ የሚባል በድምፁ ውስጥ አልነበረም።

የዚያ ቤት መውጫ አንድ ነው፤ እሱም በሳሎኑ፣ በእንግዶቹ መካከል ያልፋል።

«አሁን ይነሳሉ። ሻዩን ጠጥተው ይነሳሉ። ልጄ፣ የእህትህ ነገር...»

አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም። ለእህቱ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ የሚያመውን ቦታ አውቃ ነካችው። እናት ናት፣ ጨንቋት ነው የሚል ይኖራል። ይበል። የልጇን ራስ በመዳፏ ይዛ ያሳደገች ሴት የምትሠራው ሥራ አልነበረም።

«ጭንቅላቴን ነው እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ» አለ። ስኳሩን ይዞ የወጣውም እሱ ነው።

ሻዩ ተጠጣና እንደገና ተቀዳ። ርዕሰ መምህርቷ የትምህርት ቤት ወሬያቸውን አመጡ። አንድ ጊዜ፣ አሉ በኩራት፣ አንዲት እናት በሽተኛ ልጇን ይዛባቸው መጥታ «ቢወድቅብን ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው ከነእናቱ መልሰውታል፤ ትምህርት ቤት ሆስፒታል አይደለም። ብርጭቆም በልጅነቱ በዚሁ አነጋገር ከአንድ በላይ በር ተመልሷል። ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ፊቱ አመድ መስሏል። «እስቲ አንድ ቀልድ ጨምርልን» ሲሉት ጀመረላቸው፤ መሀል ላይ ሲደርስ መጨረሻው ጠፋው። አፉን ከፍቶ ሲፈልገው እነሱ መጥፋቱ ራሱ ቀልድ መስሏቸው እያጨበጨቡ ሳቁ።

በመጨረሻ ተነሱ። ልጅቷን ደግሞ ይዘዋት ሊሄዱ ነው፤ ለሙሽሮቹ የታሰበውን ቤት ሊያሳዩዋት። ልጅቷ ነጠላዋን የምታነሳ መስላ እናቷን ጥግ ያዘቻት።

«መርፌውን ወሰደ?»

«ወሰደ።»

«እውነት?»

«ማድ ቤት ገብቶ ምን ሲያደርግ ነበር ታዲያ? ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ!»

ልጅቷ ፊቷ በራና ሄደች። ብርጭቆ በር ድረስ ሸኛቸው፤ እጁን አውለበለበ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ የአጥሩን በር ይዞ አስታወከ፤ ከዚያም አባቱ ላይ ተደገፈ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ገና ቀን ነው። ያየው ወጣት ሐኪም ፊቱ ተለወጠ። አናጢው አልጋውን እየገፋ ከልጁ ጋር ወደ ጭንቅላት ራጅ ክፍል ገባ፤ ሐኪሙ እናትየውን ኮሪደሩ ላይ አቆማት።

«መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም። ፕላዝማ እየሰጠነው እንቆያለን፤ የሚያድነው ግን መድኃኒቱ ነው። ያ አንዱ ፋርማሲ ሳይኖረው አይቀርም፣ ችግሩ እሁድ ዝግ ነው። ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ካላችሁ አሁኑኑ ይደወልላቸው።»

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ከመዘገበችው ሳምንት አልሞላም። ደወለች።

«ሄሎ! ገና ሳንለያይ ናፈቅናችሁ እንዴ!» አሉ ባለፋርማሲው። ከኋላቸው ባዶ ቤት ውስጥ የሚያስተጋባ ጫጫታ አለ። ርዕሰ መምህርቷ «መጋረጃው ነጭ ነው የሚሆነው፣ አበቃ!» ይላሉ፤ ልጅቷ ትስቃለች። ልጇ እንደዚያ ስትስቅ እናትየው ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው፣ ልትል ነበር። ያ ጎረቤት የምትሉት ልጅ የእኔ ነው፣ ልትል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር።

«በሰላም ገባችሁ?» አለች።

«በሰላም፣ በሰላም! እግዜር ይስጥልን። ያንን ልጅ ሳሙልን፤ በሳቅ ገደለን እኮ!»

«እሺ።»

ስልኩን ዘጋች። ፕላዝማው ይሥራ አይሥራ ልየውና መልሼ እደውላለሁ፣ አለች ለራሷ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠች። ጫፉ ሹል ነበር፤ በመዳፏ ጭምቅ አድርጋ ይዛው፣ ስልኩን በሌላው እጇ እያገላበጠች ቆየች። መልሳ አልደወለችም። ባሏ ከክፍሉ ወጥቶ ከፊቷ ሲቆም ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ፣ እሷም ገባት።

የልቅሶው ዕለት መስታወቱ ጠረጴዛ ለልብስ ሰፊዋ ተመልሶ፣ ድቡልቡሉ ጠረጴዛ ቦታው ገብቷል። «ምን ነካው?» ላለ ሁሉ እናትየው «ድንገተኛ ነው፣ የጭንቅላት ደም ሥር» ትላለች። ልጅቷ ከአጠገቧ ተቀምጣለች። «ወሰደ ብለሽኝ አልነበረም?» ብላ አንድ ጊዜ ከጠየቀቻት ወዲህ ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። እጮኛዋ እጇን ይዞ ያለቅሳል።

ርዕሰ መምህርቷ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። «በዓይናችን አይተነው! ያን የመሰለ ጤነኛ! ሲስቅ ሲያስቅ ውሎ!» እንባቸውን ጠረጉና ለእናትየው ጠጋ ብለው «በሽታ ተሸክሞ ሲንገላታ ቢኖር ይብስ ነበር። እንኳን ያንን አላሳየዎት» አሏት።

«አዎ» አለች።

ባለፋርማሲው በወዲያኛው በኩል ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ዕለት ሲደውሉልን ታሞ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ኧረ አልነበረም» አለች እናትየው። «ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሐኪም ቤት መድኃኒት ቢጠፋ እኔ ነበርኩ እኮ። ፋርማሲውን በሌሊትም ቢሆን እከፍት ነበር።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ሟች ነው። ለዚያ ለጎረቤታችሁ ልጅ ያስመጣሁለት እንኳ ፍሪጅ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ሰው ልከው ይውሰዱ በሏቸው። እሱ እንኳ ይትረፍ።»

«እሺ። እነግራቸዋለሁ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናትየው አላየቻትም፤ ግን የሚያያትን ዓይን ጉንጯ ላይ አወቀችው። የልጇ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ትሰማለች። ገብቷታል፤ ስልኩም፣ ፍሪጁም፣ ሁሉም ገብቷታል።

ያኔ ርዕሰ መምህርቷ ብድግ አሉ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ፊት መቆም የለመዱ ናቸውና ለቀስተኛው ወዲያው ዝም አለላቸው። «ልቅሶ ቤት ደስታ አይወራም፤ ግን ልናገር» አሉ። «ሰርጉን ብዙ አናዘግየው። ይህች እናት የምትጽናናበት ትፈልጋለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን እግዜር ወንድ ያድርግላቸው። በመልኩም፣ በጠባዩም፣ በደም በአጥንቱም አጎቱን ይምሰል!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

አናጢው ተነሳና ወጣ። ወዲያው ከሥራ ቤቱ የሞረድ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ምን እንደሚሞርድ የጠየቀ የለም፤ ሐዘኑን ሊረሳ ነው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡለት።

«አሜን» አለች እናትየው ጮክ ብላ።

ቀጥሎ ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞረ። ልጅቷ እጇን ከእጮኛዋ እጅ አላቀቀች። አፏ ተከፈተ። አሁን ልትናገረው ነው፣ አለች እናትየው፣ ሁሉንም ልትናገረው ነው። ትናገረው፣ ትገላገል ብላ ያሰበችበትም ቅጽበት ነበረ። እጇ ግን አልጠበቃትም። ከነጠላው ሥር ሄዶ የልጇን ጭን ቆንጥጦ ያዘ።

«አሜን» አለች ልጅቷ፣ ዘግየት ብላ፣ በእናቷ ድምፅ።